ኮኪት፦ ወንዙ አሸዋ ሥር ሲተኛ

በጥር ወር ወደ መተማ ቆላ ወርደው ድልድይ ላይ ቢቆሙ ከሥርዎ የሚያዩት ውሃ አይደለም፤ አሸዋ ነው። ሰፊ፣ ነጣ ያለ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ አሸዋ። በመሐሉ ከብቶች ይሻገራሉ፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ፤ ልጆች በጨርቅ ኳስ ይራገጣሉ። «ወንዙስ?» ብለው ሹፌሩን ቢጠይቁት ፈገግ ይላል። እኔ በ12 ዓመቴ ይህንኑ ጠይቄ መኪና ሙሉ ሰው ስቆብኛል።

1997 ዓ.ም. ነበር። እኛ የምንኖረው ጎንደር ከተማ ሲሆን አጎቴ ኮኪት ላይ ሰሊጥ ይነግድ ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ እኔንና ወንድሜን ሊወስደን መጣ። እናቴ ወባውን ፈርታ «አይሆንም» ስትል ሰነበተች፤ በመጨረሻ አጎበር አስይዛ፣ ከሥሩ ሳንገባ ላንተኛ አስምላ ላከችን።

ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። አዘዞን አልፈው ወደ ምዕራብ ይታጠፋሉ፤ ጭልጋ፣ አይከል ላይ ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስተው ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ ሲወርዱ መጀመሪያ ሹራቡ ይወልቃል፤ ቀጥሎ የመኪናው መስኮት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወሬው ይቆማል። ጤፉና ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ይተካል። ገንደ ውሃን አልፈው፣ መተማ ዮሐንስ ሳይደርሱ ኮኪትን ያገኟታል።

ኮኪት ለጎብኚ ተብላ የተሠራች ከተማ አይደለችም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የሰሊጥ መጋዘኖች፣ ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች፣ ወደ ድንበሩ የሚሄዱና ከድንበሩ የሚመለሱ መኪኖች አሉ። በአማርኛው መሐል የሱዳን ዓረብኛ ጣል ጣል ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ከርከዴ ያቀርቡልዎታል፤ ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የዚያ ብርጭቆ ዋጋ ይገባዎታል። ማታ ደግሞ ከተማው ሁሉ አልጋውን ወደ ውጭ ያወጣል። እኔና ወንድሜ ከአጎበራችን ሥር ሆነን ኮከብ ስንቆጥር እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

አካባቢውን ከታሪክ ትምህርት ያስታውሱታል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና ለሕልፈት የበቁት መተማ ላይ ነው። የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችውም በእርሳቸው ስም ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራዎ ስለ ወንዞቹ ነው።

በሌሊት የሚመጣ ወንዝ

በመተማ ቆላ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳ ሦስት ወንዞች አሉ፦ ጓንግ፣ ገንደ ውሃና ሽንፋ። ጓንግ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ይነሳና ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። አትባራ በስሙ በተሰየመችው ከተማ አጠገብ ከናይል ጋር ሲገናኝ የናይል የመጨረሻው ገባር ነው፤ ከዚያ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ናይል ሌላ ገባር አያገኝም። ሽንፋ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀላል። እንግዲህ ኮኪት ላይ እጅዎን ታጥበው ያፈሰሱት ውሃ፣ ዕድል ከቀናው፣ ግብፅ ይደርሳል።

እነዚህ ወንዞች ሁለት መልክ አላቸው። በክረምት ደራሽ ናቸው፤ የደጋውን አፈር ይዘው፣ ቡና መስለው፣ ግንድ እያንከባለሉ ይወርዳሉ። በበጋ ደግሞ ውሃው አሸዋው ሥር ይገባል፤ ከላይ የሚቀሩት እዚህም እዚያም ያሉ ጥልቅ ኩሬዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ጋር በሰኔ 1853 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ በደረቀው የአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ይህን ለውጥ በዓይኑ አይቷል። ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ቀሰቀሰው፤ የአካባቢው ሰዎች «ወንዙ መጣ!» እያሉ ተሯሯጡ። ሲነጋ ትናንት አሸዋ የነበረው ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ወንዝ ሆኖ ጠበቀው። እሱ ባለበት ዝናብ አልጣለም ነበር፤ የዘነበው እኛ ደጋ ላይ ነው።

የዚያ አፈር ጉዞ ዋጋ አለው። ሱዳን በአትባራ ላይ የሠራችውና እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የኻሽም አልጊርባ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል ያጣው በደለል ምክንያት ነው። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላሉ። ዛሬ ከግንዱ ጋር የእርሻችንን አፈርና የጣልነውን ፕላስቲክም ይዞ ይዞራል።

ከላይ ለሰው

በመጀመሪያው ጠዋት የአጎቴ ሚስት ቅል፣ ጀሪካንና ነጠላ ይዛ ወደ አሸዋው ወረደች፤ እኛም ተከተልን። ክንድ ያህል ቆፈረች። መጀመሪያ አሸዋው ረጠበ፤ ቀጥሎ ከጎንና ከጎን ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ድፍርስ ቀድታ ደፋችው፤ ሁለተኛውንም ደፋችው። ሦስተኛው እንደ መስታወት ጠራ። በነጠላው አጥልላ ቀዳችው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወንዙ የትም አልሄደም፤ ተኝቷል።

ቅሉን ልታጠብበት ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ። «እዚህ አይታጠብም፤ ከላይ ለሰው፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ለከብት፣ ከከብቱ ዝቅ ብሎ ለልብስ» አለችኝ። የትም የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ጠባቂም አልነበረውም። ነገር ግን የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ የት ቆሞ እንደሚሸና ያውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ኩሬ ሄድን። ሾላ ያጠላበት፣ ወገብ የሚደርስ ዳር ያለው ኩሬ ነበር። አጎቴ መጀመሪያ እረኞቹን «አዞ አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ «ዘንድሮ የለም» ሲሉት ብቻ ገባን። ወንድሜ ዋና የተማረው እዚያ ነው። አምባዛና ቆሮሶ ተጠብሶ፣ በማሽላ እንጀራ በልተን፣ ሰሊጥ በማር የተለወሰ እየቀመስን ዋልን። በልጅነትዎ «ምነው ባልመሸ» ያሉበት ቀን ካለ፣ ለእኔ ያ ቀን ነው።

የ74,000 ዓመት ጎረቤቶች

ያ ኩሬ የእኔ ትዝታ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ካፕልማን የተመራ ቡድን ያካሄደውን ጥናት አወጣ። ቦታው ሽንፋ-መተማ 1 ይባላል፤ በሽንፋ ወንዝ ዳር የሚገኝ የጥንት ሰዎች መኖሪያ ነው። አጥኚዎቹ እዚያ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የአውሬና የዓሣ አጥንት አገኙ። ከዚያ ጋር ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ቅንጣቶች አገኙ፤ እነዚህም ከ74,000 ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ከቶባ ተራራ የመጡ ናቸው።

ከፍንዳታው በኋላ አካባቢው ይበልጥ ደረቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ከዚያ ወዲህ ባለው የአፈር ንብርብር ውስጥ የዓሣው አጥንት በረከተ። ወንዙ ሲቆራረጥ ኩሬዎቹ እያነሱ ሄዱ፤ ኩሬው ሲያንስ ዓሣው በቀላሉ ይያዛል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አጥኚዎቹ እንደሚሉት የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ በወንዝ ዳር፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሸጋገረ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳነብ ሳቄም እንባዬም መጣ። የአጎቴ ሚስት በጥር የምታደርገውን ነው የሚያወራው። በክፉ ዓመት ሕይወት የምትተርፈው በነዚያ ኩሬዎች ነው፤ ያኔም ዛሬም። ኩሬው ከተበላሸ ግን የሚቀጥለው ኩሬ የት ነው?

እኔ የጻፍኩት ማስታወቂያ

አሁን የማልኮራበትን ልንገርዎ። ከዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ ተመርቄ የገባሁበት ሁለተኛ ሥራዬ የግብርና ግብዓት በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የገበያ ክፍል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት ለፀረ አረም መድኃኒት የማስታወቂያ በራሪ ወረቀት አዘጋጀሁ። አረንጓዴ ቅጠሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበትና ጊዜ እንደሚቆጥብ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ባዶው ጀሪካን ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ትዝም አላለኝ።

ሽያጩ ጥሩ ነበር፤ ጉርሻም ተሰጠኝ። በጥር 2009 ነጋዴዎቹን ለማነጋገር ወደ መተማ ስላክ ሥራዬን ጨርሼ ኮኪት ከአጎቴ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት ከትንሿ ልጁ ጋር ወደ አሸዋው ወረድን። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቆፈረች፤ የመጀመሪያውን ደፋች፤ ሁለተኛውንም ደፋች፤ ልክ እንደ እናቷ። ከዚያ ነጭ የአምስት ሊትር ጀሪካን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስጠጋች። ጀሪካኑ ላይ ግማሹ የተላጠ ወረቀት ነበር። አረንጓዴው ቅጠል የእኔ ነበር።

ነጠቅኋት። ደንግጣ አለቀሰች። ለአጎቴ ስነግረው አልገባውም፤ «ምን አለበት? ጠንካራ ዕቃ ነው፤ አያፈስም፤ በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቧል» አለኝ። ገበያ ወጣን፤ ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ከዘይት ጀሪካን ጎን ለጎን ይሸጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። «አያ፣ ፕላስቲኩ መርዙን ይጠጣል፤ በሳሙና አይለቅም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ስትሸጡልን ለምን አልነገራችሁንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደቦው

በዚያው ሳምንት እሑድ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ነበረው፤ አጎቴ እንድናገር አስፈቀደልኝ። ስለ ጀሪካኑ ተናገርኩ። ከዚያ ሰዉ ራሱ ሌላ ሌላውን ያነሳ ጀመር፦ የመርጫ ዕቃ ወንዝ ውስጥ የሚያጥበውን፣ መኪናና ባጃጅ ከመጠጥ ውሃው በላይ የሚያጥበውን፣ ዓሣ ለመያዝ ኩሬ ውስጥ መርዝ የሚጨምረውን። አንዱ «ወንዙ እንደሆነ ደርቋል፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉን ጠርጎ ይወስደዋል» አለ። ይህን ጊዜ አንዲት አዛውንት ከኋላ ተነሱ፤ እማማ ሲናገሩ ሁሉም ዝም አለ። «የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ቆሻሻ ይጨመራል? ወንዙም ተኝቶ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ የመድኃኒት ዕቃ ወደ አሸዋው አይወርድም፤ መርጫም እርሻው ላይ ይታጠባል እንጂ ወንዝ ውስጥ አይታጠብም። ሁለተኛ፣ መኪናና ባጃጅ የሚታጠበው ከልብሱ ቦታም ዝቅ ብሎ፣ ከውሃው ርቆ ነው። ሦስተኛ፣ ትልቁ ኩሬ ውስጥ መርዝ መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ውሃው ካነሰ በኋላም እስከ ክረምት ዓሣ አይያዝበትም። ዓሣው ከዚያ ነው የሚራባው፤ ኩሬው ባዶ ከሆነ የክረምቱ ውሃ ባዶ ይመጣል።

በማግስቱ ደቦ ወጣ። ሴቶቹ ጠላና ዳቦ አዘጋጁ፤ ወጣቶቹ በጆንያ፣ ልጆቹ በእጃቸው ወንዙን ለቀሙ። የመድኃኒት ዕቃ ግን ሕፃን እንዳይነካ ተባለ፤ እሱን አዋቂዎች በላስቲክ ጓንት አነሱት። በጉርሻዬ 40 አዲስ ጀሪካን ገዛሁ፤ ሦስት የመድኃኒት ዕቃ ያመጣ አንድ ንጹሕ ይወስዳል አልን። እስከ ምሳ ሰዓት ጀሪካኑ አለቀ። ሁሉንም ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት በሚስማር በሳናቸው።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የከበደው። የተበሳውን ዕቃ የት እናድርገው? ብናቃጥለው ጭሱ መርዝ ነው፤ ብንቀብረው ክረምት ያወጣዋል። ለድርጅቴ ደወልኩ፤ ኃላፊዬ «የእኛ ሥራ አይደለም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ባዶውን የሚመለስ የራሳችን የጭነት መኪና ስለነበር «በራስሽ ኃላፊነት» ተብሎ ተፈቀደልኝ። ጎንደር መጋዘናችን ሲደርስ የተቀበለኝ ፊት ደስ አይልም ነበር። ቢሆንም ተቀበሉ። የሚቀጥለው ዓመት በራሪ ወረቀት ላይ ስለ ባዶ ዕቃ አንድ ሳጥን ያህል ቦታ እንዲሰጠኝም ጠየቅኩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ተሰጠኝ። ዕቃውን ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ያለቀለቁበትን ውሃ መልሶ መርጫው ውስጥ መጨመርና እርሻው ላይ መርጨት፣ ከዚያ ዕቃውን መብሳት፣ ለምግብና ለውሃ ፈጽሞ አለመጠቀም። ይህ በዓለም ሁሉ የሚመከር ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ።

ሌላም ችግር ነበር። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚመጡት ሠራተኞች በየዓመቱ አዲስ ናቸው፤ የእድሩን ውል አያውቁም፤ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የኮኪት ጽሑፍ ሠሪ በቆርቆሮ ላይ ሥዕል ብቻ እንዲሥል አደረግን፦ ጀሪካን፣ በላዩ ቀይ መስቀለኛ ምልክት፣ ከሥሩ ውሃ የምትቀዳ ልጅ። ስም የለበት፣ ዓርማ የለበት፣ ስልክ የለበት። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በጥር 2010 ተመልሼ ሄድኩ። ቆርቆሮው አለ፤ ቀዩ ግን በፀሐይ ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። በላይኛው ጉድጓድ ላይ ያየሁት የዘይት ጀሪካን ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ትንሽ ዝቅ ብዬ ስሄድ ግን ቁጥቋጦ ሥር ሁለት የመድኃኒት ጠርሙስ አገኘሁ። ወንዝን መጠበቅ በአንድ ደቦ አያልቅም፤ እንደ ቤት መጥረግ ነው፤ ነገም ይጠረጋል።

ከጣና እስከ ቀበና

ይህ የኮኪት ብቻ ጉዳይ አይደለም። እንቦጭ ጣናን መውረር ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የደንቢያና የፎገራ ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲያወጡት ኖረዋል፤ በጥቅምት 2013 የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻም ከየአቅጣጫው ሰው ሰብስቧል። አረሙ ግን ይመለሳል፤ ሰዉም ይመለሳል። ትግራይ ውስጥ በውቅሮ አካባቢ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ደግሞ በድርቅ ተመትታ ነዋሪዎቿ ሊነሱ የታሰበባት ቀበሌ ነበረች። ሕዝቡ እርከን ሠርቶ፣ ተራራውን ከግጦሽ ከልክሎ፣ የዝናቡን ውሃ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ አደረገ። የጉድጓዶቹ ውሃ ወደ ላይ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ከመሬት በታች የተኛ ውሃም ይጠበቃል ማለት ነው።

አዲስ አበባም ብትሆን ከእንጦጦ በሚወርዱ ወንዞች የተከፋፈለች ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው። አጥሩና መናፈሻው ግን ውሃውን ብቻውን አያጠራውም። ከኋላው ቤት የሚወጣው ፍሳሽ የእኔና የእርስዎ ነው። እኛ የምንኖርበት ግቢ ከቀበና ብዙ አይርቅም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫዋን ትይዛለች። ስለ ኮኪት ስነግራት «ወንዝ ይተኛል እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላም «የእኛው ታሟል» አለች።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቅዳሜ ከግቢያችን ሰባት ቤተሰብ ሆነን ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቦይ እናጸዳለን። ልጆቹ ከውሃው ርቀው ችግኝ ያጠጣሉ፤ እኛ ጓንትና ቦቲ አድርገን እንለቅማለን። መጀመሪያ ሁለት ቤት ነበርን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እውነት ነው፤ ሰባቱ ቤት ስንወጣ ሥራው እስከ ቡና ሰዓት ያልቃል።

ቤተሰብ ይዘው ሲያስቡት

በቅድሚያ ግልጽ ልሁን። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መተማ የስደተኞች መሻገሪያ ሆናለች፤ በክልላችን ያለው ግጭትም መንገዱን አክብዶታል። እኔም ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ስለዚህ የሚከተለውን «ዛሬ ሻንጣዎን ያዘጋጁ» ብዬ ሳይሆን፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን እንዲያስታውሱት ነው የጻፍኩት።

ጊዜ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ለሕፃናት ይከብዳል፤ በክረምት ደግሞ ደራሽ ውሃ አለ። ሰማዩ ጥርት ቢልም ደጋ ላይ ከዘነበ ወንዙ ሊመጣ ስለሚችል አሸዋው ላይ ድንኳን አይትከሉ።

ጤና፦ አጎበር ግዴታ ነው። ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በትንሽ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ አለ። ማታ ዛፍ ሥርና በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ አይተኙ። ከተመለሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትኩሳት ካለ ሐኪምዎን «መተማ ነበርኩ» ይበሉት፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዚህ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ።

ውሃ፦ የመጠጥ ውሃ ይያዙ፤ ከአሸዋው የተቀዳውን ሳያፈሉ ለልጅ አይስጡ። ኩሬ ውስጥ መዋኘት ለእኔ ትዝታ ነው፤ ቢልሃርዚያና አዞ ስላለ ግን ለእርስዎ ልጆች አልመክርም። አሸዋው ላይ ኳስ መጫወትና ውሃ መቆፈር ይበቃቸዋል፤ እመኑኝ፣ ቀኑን ሙሉ አይጠግቡትም።

ተጨማሪ ቀን ካለዎት፦ በቋራ ወረዳ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ አጥኚዎች አንበሶችን በካሜራ ያረጋገጡት እዚያ ነው። በመልስ ጉዞ ጎርጎራ ላይ ጣና ዳር ማረፍ ይቻላል።

ሥነ ሥርዓት፦ ከየትኛውም ወንዝ ዳር ከመቀመጥዎ በፊት ሰው የሚቀዳው የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከእርሱ በታች ይቀመጡ። የያዙትን ፕላስቲክ ሁሉ ይዘው ይመለሱ።

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ደወልኩ። ስለ ሰሊጡ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናው ተነጋገርን። ትንሿ ልጁ አድጋ ትምህርቷን እየጨረሰች ነው። ልዘጋ ስል «ቆርቆሮውን እኮ ቀየርነው» አለኝ። «ሁለት ጊዜ። አሁን ደግሞ የሚሥለው ሌላ ልጅ ነው፤ ጀሪካኑን አሳመረው፤ ልጅቱን ግን አስቀያሚ አደረጋት።» ሳቅን። «ወንዙስ እንዴት ነው አያ?» አልኩት።

«ተኝቷል» አለኝ። «እየጠበቅነው ነው።»